ቫልቩ ከተተከለ በኋላ፦ የሰው ሠራሽ የልብ ቫልቭ የረጅም ጊዜ ውጤት

ለልብ ቀዶ ሕክምና ርዳታ የሚጠይቁ ማስታወቂያዎች በቴሌቪዥን፣ በቴሌግራምና በፌስቡክ በተደጋጋሚ እናያለን። ፎቶው ላይ ያለው ሰው አብዛኛውን ጊዜ ወጣት ነው። አንዳንዴ ገና ተማሪ ነው። ገንዘቡ ይሰበሰባል። የውጭ ጉዞው ይሳካል፣ ወይም እዚሁ አገር ወረፋው ይደርሳል። ከዚያ «ቀዶ ሕክምናው በሰላም ተጠናቋል፣ እግዚአብሔር ይስጥልን» የሚል መልእክት ይለጠፋል። የሕዝቡ ወሬም እዚያው ላይ ያበቃል።

ጥያቄው ግን ከዚያ በኋላ ነው የሚበዛው። ቫልቩ ስንት ዓመት ያገለግላል? ከአሥር ዓመት በኋላ ይቀየራል የሚባለው እውነት ነው? መድኃኒቱ እስከ ዕድሜ ልክ ነው? ከእንስሳ የሚሠራው አይሻልም ነበር? መልሶቹ ብዙ ጊዜ በስማ በለው የሚዞሩ ናቸው። አንዳንዶቹ ልክ ናቸው፣ አንዳንዶቹ ደግሞ ሰው ሊገድሉ ይችላሉ። በዘርፉ ከ60 ዓመት በላይ የተከማቸ ልምድና ጥናት ስላለ መልሱን በመገመት መፈለግ አያስፈልግም። ጥናቶቹ በጥቅሉ የሚያሳዩት አንድ ነገር ነው፦ ሜካኒካል የሚባለው፣ ከእንስሳ ያልተሠራው ቫልቭ ራሱ የሚበላሸው ከስንት አንዴ ነው፤ የሕመምተኛውን ዕጣ የሚወስነው ከቫልቩ በኋላ የሚደረገው የደም ክትትል ነው።

ቫልቭ ለምን ይበላሻል?

ልብ ውስጥ አራት ቫልቮች አሉ። እያንዳንዳቸው ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ እንደሚከፈት በር ናቸው። ደሙ ያልፋል፣ ወደኋላ ግን አይመለስም። ለዚህ ጽሑፍ የሚያስፈልጉን ሁለቱ ናቸው። ሚትራል የሚባለው በልብ ግራ ጎን በላይኛውና በታችኛው ክፍል መካከል ነው። አኦርቲክ የሚባለው ደግሞ ደም ከልብ ወጥቶ ወደ ሰውነት የሚሄድበት መውጫ ላይ ነው። ቫልቭ ሲታመም ወይ ይጠብባል፣ ወይ በደንብ አልገጥም ብሎ ደም ወደኋላ ያፈሳል። አንዳንዱ ላይ ሁለቱም ይደርሳል።

በአውሮፓና በአሜሪካ ቫልቭ የሚያስቀይረው ሰው በአብዛኛው አረጋዊ ነው። ዕድሜ ሲገፋ አኦርቲክ ቫልቩ ላይ ካልሲየም ይጋገርበታል። በእኛ አገር ግን ዋናው መንስኤ ሪውማቲክ የልብ ሕመም ነው። ነገሩ የሚጀምረው በልጅነት በሚመጣ የጉሮሮ ሕመም ነው፤ በተለምዶ ቶንሲል የምንለው። ስትሬፕቶኮከስ የሚባለው ባክቴሪያ ጉሮሮን ሲያጠቃ የሰውነት መከላከያ ይነሳል። በአንዳንድ ልጆች ግን ይኸው መከላከያ ባክቴሪያውን ትቶ የልብን ቫልቭ ይጎዳል። ሕመሙ በተመላለሰ ቁጥር ቫልቩ እየወፈረ፣ እየተኮማተረና እየተጣበቀ ይሄዳል፤ ጠባሳ ይሆናል። በዓለም ላይ ከ40 ሚሊዮን በላይ ሰዎች ይህ ሕመም እንዳለባቸው ይገመታል። የዓለም ጤና ጉባኤም እ.ኤ.አ. በ2018 በዚሁ ሕመም ላይ ውሳኔ አሳልፏል።

ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም። በ75 ዓመቱ ቫልቭ የሚያስቀይር ሰው ቫልቩ አሥራ አምስት ዓመት ካገለገለው ይበቃዋል። በ20 ዓመቷ የምታስቀይር ልጅ ግን ሃምሳ ዓመት ትፈልጋለች። በመካከሉ ትዳር አለ፣ እርግዝና አለ፣ ሥራ ፍለጋ ከከተማ ከተማ መዞር አለ። ስለ ቫልቭ የሚነገሩ አብዛኞቹ የውጭ መረጃዎች የተጻፉት ለመጀመሪያው ሰው ነው።

ሜካኒካል ቫልቭ ስንት ዓመት ይቆያል?

ልብ ውስጥ የተተከሉ የመጀመሪያዎቹ ስኬታማ ሰው ሠራሽ ቫልቮች የገቡት እ.ኤ.አ. በ1960 ነው። አሜሪካዊው ሐኪም ድዋይት ሃርከን በአኦርቲክ ቦታ፣ አልበርት ስታር ደግሞ ከኢንጂነር ሎውል ኤድዋርድስ ጋር በሠራው ቫልቭ በሚትራል ቦታ ተከሉ። ያኔ ቫልቩ በሽቦ ቀፎ ውስጥ ከፍ ዝቅ የምትል ኳስ ነበር። እንዲያም ሆኖ በዚያ ቫልቭ ለበርካታ አሥርት ዓመታት የኖሩ ሰዎች አሉ።

ቀጥሎ አንድ ክብ ሳህን የሚያጋድልባቸው ቫልቮች መጡ። እዚህ ላይ አንድ መጥፎ ምዕራፍ አለ። ብዮርክ-ሻይሊ ከሚባሉት ቫልቮች ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1979 እስከ 1986 የተሸጠው አንድ ሞዴል ሳህኑን የሚይዘው ሽቦ ይሰበር ነበር። 86 ሺህ ያህል ሰዎች ላይ ተተክሎ ከ600 በላይ ስብራት ተመዝግቧል። «ቫልቩ ልብ ውስጥ ተሰበረ» የሚለው ፍርሃት መነሻ የሌለው አይደለም። ነገር ግን ሞዴሉ ከገበያ ከወጣ 40 ዓመት ገደማ ሆኖታል።

ዛሬ በብዛት የሚተከለው ሁለት ቅጠል ያለው ቫልቭ ነው። የመጀመሪያው የተተከለው እ.ኤ.አ. በ1977 በአሜሪካዋ ሚኒሶታ ነው። በተለምዶ የብረት ቫልቭ እንለዋለን፤ ቅጠሎቹ ግን በከፍተኛ ሙቀት ከተጋገረ ጠንካራ ካርቦን የተሠሩ ናቸው። ልብ በቀን 100 ሺህ ጊዜ ያህል ትመታለች፤ በዓመት 40 ሚሊዮን ገደማ ማለት ነው። ካርቦኑ ይህን ሁሉ መከፈትና መዘጋት ያለ መበላት ይችላል። ስለዚህ «ከአሥር ዓመት በኋላ ይቀየራል» የሚባለው ለአዋቂ ሰው ሜካኒካል ቫልቭ ትክክል አይደለም። ጊዜው የሚያልፍበት ዕቃ አይደለም።

አንዳንድ ነገሮች ግን ዳግም ቀዶ ሕክምና ሊያመጡ ይችላሉ። አንደኛው የሕጻናት ጉዳይ ነው። የስምንት ዓመት ልጅ ልብ ያድጋል፣ ቫልቩ ግን አያድግም። ስለዚህ ጠበበው ማለት ይመጣል። ሌላው የሰውነት ሥጋ ቀስ በቀስ ወደ ቫልቩ ዳር እያደገ መግባቱ ነው። ዓመታት ወስዶ የቅጠሎቹን እንቅስቃሴ ሊያግድ ይችላል። በስፌቱ ዙሪያ ማፍሰስም አንዳንዴ ያጋጥማል። ለዚህ ነው ሰውዬው ደህና ቢሆንም በየጊዜው የልብ አልትራሳውንድ፣ ማለትም ኢኮ፣ እንዲታይ የሚቀጠረው።

ዋናው አደጋ የደም መርጋት ነው

ደም ከተፈጥሮ የደም ሥር ግድግዳ ውጭ የሆነ ነገር ሲነካ የመርጋት ባሕርይ አለው። ካርቦን ለስላሳ ቢሆንም ባዕድ ነው። በተለይ ቅጠሎቹ በሚታጠፉበት ማጠፊያ አካባቢ ደም ይዘገያል፤ የዘገየ ደም ይረጋል። የረጋው ደም እዚያው ቆይቶ ቫልቩን ሊያስር ይችላል። ተነቅሎ ወደ አንጎል ከሄደ ደግሞ ስትሮክ ያመጣል።

እ.ኤ.አ. በ1994 ከ13 ሺህ በላይ ሕሙማንን ያካተቱ ጥናቶች ተደምረው ተተንትነው ነበር። ምንም ደም ማቅጠኛ ካልተወሰደ ከ100 ሰው በዓመት 4ቱ ከባድ የደም መርጋት አደጋ ይደርስባቸዋል። ዋርፋሪን የሚባለው ደም ማቅጠኛ ክኒን ወይም የዚያ ቤተሰብ የሆነ መድኃኒት ሲወሰድ ቁጥሩ ወደ 1 ይወርዳል። አስፕሪን ብቻውን ግማሽ መንገድ ነው የሚሄደው፤ ቁጥሩን 2 አካባቢ ያደርሰዋል። ቫልቩ በሚትራል ቦታ ከሆነ አደጋው ከአኦርቲኩ እጥፍ ገደማ ነው፤ ምክንያቱም እዚያ ደሙ የሚፈሰው በዝቅተኛ ግፊት ነው። የእኛ ወጣቶች ቫልቭ ደግሞ በብዛት የሚጎዳው ሚትራሉ ነው።

መድኃኒቱ በነጻ የሚገኝ ጥበቃ አይደለም። ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ ነገር ሁሉ ሲበዛ ያደማል። በዚያው ትንታኔ ከ100 ሰው በዓመት ከ1 እስከ 2 የሚሆኑት ከባድ መድማት ደርሶባቸዋል።

በዓመት ከ100 አንድ ሲባል ትንሽ ይመስላል። አደጋው በየዓመቱ እኩል ነው ብለን ለ30 ዓመት ብንደምረው ግን ከአራት ሰው አንዱን ገደማ ይነካል። ይህ ግምታዊ ስሌት ነው፤ በደንብ የሚከታተል ሰው ከዚህ የተሻለ፣ የማይከታተል ደግሞ እጅግ የባሰ ይሆናል። ቢሆንም የነገሩን ስፋት ያሳያል። ለወጣት ሰው ትንሽዋ ዓመታዊ ቁጥር ትልቅ የዕድሜ ልክ ቁጥር ናት።

አይ.ኤን.አር፦ ሁሉም ነገር የሚንጠለጠልበት ቁጥር

ዋርፋሪን ታሪኩ ሰውን ያስደነግጣል። መነሻው በሰሜን አሜሪካ የተበላሸ ድርቆሽ በልተው ደም እየፈሰሳቸው የሞቱ ከብቶች ናቸው። የዊስኮንሲን ተመራማሪዎች ምክንያቱን አጥንተው ያገኙት ነገር እ.ኤ.አ. በ1948 የአይጥ መርዝ ሆኖ ለገበያ ቀረበ። በ1954 ደግሞ ለሰው መድኃኒትነት ተፈቀደ። «የአይጥ መርዝ ነው የሚያስውጡሽ» የሚለው ወሬ ከዚህ የመጣ ነው። እውነቱ ልዩነቱ በመጠን መሆኑ ነው። መጠኑን የሚለካው ደግሞ አይ.ኤን.አር የሚባለው የደም ምርመራ ነው።

አይ.ኤን.አር ደም ለመርጋት ከጤነኛ ሰው አንጻር ምን ያህል እንደሚዘገይ የሚያሳይ ቁጥር ነው። መድኃኒት የማይወስድ ጤነኛ ሰው 1 አካባቢ ነው። ባለ ሁለት ቅጠል አኦርቲክ ቫልቭ ላለውና ሌላ ተጨማሪ አደጋ ለሌለበት ሰው የሚፈለገው 2.5 አካባቢ ነው፤ ከ2 እስከ 3 ማለት ነው። ለሚትራል ቫልቭ 3 አካባቢ፣ ማለትም ከ2.5 እስከ 3.5። ከዚህ ሲወርድ መርጋት፣ በጣም ሲያልፍ መድማት። መንገዱ ጠባብ ነው።

ዋርፋሪን ጉበት የደም ማርጊያ ንጥረ ነገሮችን ለመሥራት የሚጠቀምበትን ቫይታሚን ኬ በማገድ ይሠራል። የዛሬው ክኒን ውጤት የሚታየው ከቀናት በኋላ ነው። ትናንት የረሳሁትን ዛሬ ደርቤ ልዋጥ ማለት የማያዋጣው ለዚህ ነው። መጠኑም ከሰው ሰው ይለያያል። አንዱ በቀን 2 ሚሊግራም ይበቃዋል፣ ሌላው 10 ይፈልጋል። የጎረቤት ልክ ለጎረቤት አይሆንም። መጀመሪያ አካባቢ ምርመራው ቶሎ ቶሎ ይደረጋል። ሲረጋጋ በወር አንዴ ገደማ ይሆናል።

ቁጥሩን የሚያናጉት ነገሮች

በጣም የተለመደው ስህተት «ጎመን ክልክል ነው» የሚለው ነው። ጎመን፣ ቆስጣና ሰላጣ ቫይታሚን ኬ የበዛባቸው ናቸው፤ ሲበዙ የዋርፋሪኑን ኃይል ይቀንሳሉ። መፍትሔው ግን ጎመን መተው ሳይሆን መጠኑን ከሳምንት ሳምንት አለማዘበራረቅ ነው። ሐኪሙ መድኃኒቱን የሚያስተካክለው ሰውዬው በሚበላው ልክ ነው። ችግር የሚፈጠረው አመጋገቡ በአንዴ ሲገለበጥ ነው። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው። ከሥጋና ከወተት ወጥቶ ጎመን በብዛት የሚገባበት ቤት ካለ የአይ.ኤን.አር ቁጥሩ ሊወርድ ይችላል። ፋሲካ ሲመጣ ደግሞ ሁሉም ይገለበጣል፣ መጠጥም ይጨመርበታል። ስለዚህ ጾሙ ከገባ ከሳምንት ሁለት ሳምንት በኋላ፣ ከፋሲካም በኋላ እንዲሁ፣ አንድ ምርመራ ማድረግ ብልህነት ነው። ረመዳን የሚጾም ሰው ደግሞ ዋርፋሪን በቀን አንዴ የሚወሰድ ስለሆነ ከኢፍጣር በኋላ ሊወስደው ይችላል። ጾም መድኃኒቱን ለመተው ምክንያት አይሆንም።

ከምግብ ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ ያለ ማዘዣ የሚገዛ መድኃኒት ነው። ሆዱን የቆረጠው ሰው ፋርማሲ ሄዶ «ለአሜባ» ብሎ ሜትሮኒዳዞል ይገዛል። ይህ መድኃኒት ዋርፋሪንን ከሰውነት እንዳይወጣ ስለሚያደርግ ቁጥሩን በቀናት ውስጥ ሽቅብ ይወስደዋል። ኮትሪሞክሳዞልና ለፈንገስ የሚሰጠው ፍሉኮናዞልም እንዲሁ ናቸው። ለወገብና ለጉልበት ሕመም የሚወሰዱት ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ደግሞ ጨጓራን እያቆሰሉ የመድማት አደጋን ይጨምራሉ።

በተቃራኒው የሚሠራው ሪፋምፒሲን ነው፤ የቲቢ መድኃኒት። ዋርፋሪንን በኃይል ያዳክማል። ቫልቭ ያለው ሰው ቲቢ ከያዘው የዋርፋሪኑ መጠን ብዙ ከፍ ማለት ይኖርበታል። ሕክምናው ከስድስት ወር በኋላ ሲያልቅ ደግሞ መጠኑ በጥንቃቄ መውረድ አለበት። ያ ካልሆነ ሰውዬው ከቲቢ ድኖ በመድማት ሊሞት ይችላል። የቲቢ ክፍሉና የልብ ክፍሉ ካልተነጋገሩ ይህ በቀላሉ የሚያመልጥ ነገር ነው። ከዕፅዋት የሚቀመሙ የባሕል መድኃኒቶችም አሉ። ብዙዎቹ ከዋርፋሪን ጋር ምን እንደሚያደርጉ ስላልተጠና ለሐኪም ሳይነግሩ መጠጣቱ አደጋ አለው።

ውጭ አገር ዘመድ ያላቸው ሰዎች ሊያውቁት የሚገባ ሌላ ነገር አለ። የዋርፋሪን ክኒን ቀለም ከአገር አገር ይለያያል። በአሜሪካ ሮዝ ቀለም ያለው 1 ሚሊግራም ነው። በእንግሊዝ ሮዙ 5 ሚሊግራም ነው። ሰማያዊው በአሜሪካ 4፣ በእንግሊዝ 3 ነው። ከዋሽንግተን እህቷ ስትልክላት የኖረች ልጅ ለንደን ካለው አጎቷ ቢላክላትና በቀለም ብትሄድ አምስት እጥፍ ትወስዳለች። ማየት ያለብን ቀለሙን ሳይሆን ጥቅሉ ላይ የተጻፈውን ሚሊግራም ነው።

ጠበልንም ሳይጠቅሱ ማለፍ አይቻልም። ሕሙማን ጠበል ሲገቡ መድኃኒት ያቆማሉ፤ አንዳንዱ በራሱ ውሳኔ፣ አንዳንዱ ተመክሮ። ሟቹ ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ በኤችአይቪ ዘመን የኤችአይቪ መድኃኒትና ጠበል አብረው እንደሚሄዱ በይፋ ተናግረው ነበር። ያ አባባል ለልብ ሕሙማንም በደንብ ይሠራል። ዋርፋሪን ሲቆም ምልክት አይሰጥም። ሰውዬው ለሳምንታት ደህና ይሰማዋል፣ እንዲያውም የዳነ ይመስለዋል። ቫልቩ ግን በዚያው ጊዜ ደም እያረጋ ሊሆን ይችላል።

ከእንስሳ የሚሠራው ቫልቭ አይሻልም?

ሁለተኛው ዓይነት ቫልቭ ከአሳማ ቫልቭ ወይም ከከብት የልብ ሽፋን ይሠራል። ትልቁ ጥቅሙ ሌላ ምክንያት ከሌለ ዕድሜ ልክ ዋርፋሪን አለመፈለጉ ነው። ጉዳቱ ማርጀቱ ነው። ያውም ከሽማግሌ ይልቅ ወጣት ላይ በፍጥነት ያረጃል፤ የወጣት ሰውነት ካልሲየም ቶሎ ያስቀምጥበታል።

በአሜሪካ የቀድሞ ወታደሮች ሆስፒታሎች ሕሙማኑን በዕጣ ለሁለት ከፍሎ ሁለቱን ቫልቮች ያነጻጸረ ጥናት ተደርጎ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1977 እስከ 1982 ቫልቭ የተቀየረላቸው 575 ወንዶች ለ15 ዓመት ተከታትለዋቸዋል። አኦርቲክ ቫልቭ ካስቀየሩት ውስጥ በ15 ዓመት የሞቱት በሜካኒካሉ 66 በመቶ፣ ከእንስሳ በተሠራው 79 በመቶ ናቸው። በሚትራል ቦታ ግን ልዩነት አልነበረም፤ 81 እና 79 በመቶ። ቫልቩ ራሱ የተበላሸባቸው በእንስሳው በአኦርቲክ 23 በመቶ፣ በሚትራል 44 በመቶ ሲሆኑ በሜካኒካሉ ከዜሮ እስከ 5 በመቶ ብቻ ነበሩ። መድማት ደግሞ በሜካኒካሉ በዝቷል። እ.ኤ.አ. በ2017 ከካሊፎርኒያ የወጣ ሰፊ ጥናትም ሜካኒካሉ በሕይወት መቆየትን የሚጨምረው በአኦርቲክ እስከ 55 ዓመት፣ በሚትራል እስከ 70 ዓመት ዕድሜ ድረስ ነው ብሏል።

እነዚህን ቁጥሮች ይዞ «ለወጣት ሜካኒካል ነው» ማለት ቀላል ነው፤ የአሜሪካም የአውሮፓም መመሪያዎች በጥቅሉ ወደዚያ ያዘነብላሉ። ነገር ግን ጥናቶቹ የተደረጉት አይ.ኤን.አር ምርመራ እንደ ልብ በሚገኝበት አገር ነው። ከዞን ከተማ ወጣ ያለ ወረዳ የምትኖር፣ ምርመራ ለማግኘት አንድ ቀን በመኪና የምትጓዝ ልጅ ሜካኒካል ቫልቭ ቢገባላት ያንን ውጤት አታገኝም። ከእንስሳ የተሠራውን ቢያስገቡላትስ? ከአሥር ዓመት በኋላ፣ ምናልባትም ከዚያ በፊት፣ ሁለተኛ ቀዶ ሕክምና ያስፈልጋታል። ያ ወረፋና ያ ገንዘብ እንደገና ይገኛል ወይ? ባደጉት አገሮች ያረጀውን ቫልቭ ደረት ሳይከፈት በደም ሥር በኩል በአዲስ መተካት ተጀምሯል፤ በእኛ አገር ግን እንደ አማራጭ የሚቆጠርበት ደረጃ ላይ አልደረሰም።

በእኔ እይታ ለሁሉም የሚሆን አንድ መልስ የለም። ግን ጥያቄው ከቀዶ ሕክምናው በፊት መነሳት አለበት። የት ነው የምትኖረው? በአቅራቢያዋ ላቦራቶሪ አለ? መውለድ ትፈልጋለች? የተፈጥሮ ቫልቩን መጠገን ወይም በፊኛ ማስፋት የሚቻል ከሆነ ደግሞ ከሁለቱም ይቀድማል። እርግጥ በሪውማቲክ የተጎዳ ቫልቭ ለጥገና አስቸጋሪ ነው። ዘግይቶ ሆስፒታል የደረሰ ሕመምተኛ ላይ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የማይሆን ነው።

እርግዝና

በእርግዝና ጊዜ የሴት ደም በተፈጥሮው ለመርጋት ይቸኩላል። ሜካኒካል ቫልቭ ላላት ሴት ይህ አደጋውን ያንረዋል። ዋርፋሪን እናቲቱን ከሁሉም በተሻለ ይጠብቃል። ነገር ግን ወደ ፅንሱ ያልፋል። በተለይ ከ6ኛው እስከ 12ኛው ሳምንት የአጥንትና የፊት አፈጣጠር ጉድለት ሊያመጣ ይችላል፤ ውርጃንም ያበዛል። የቀን መጠኑ ከ5 ሚሊግራም የማይበልጥ ከሆነ የፅንሱ አደጋ ይቀንሳል። ሄፓሪን የሚባለው በመርፌ የሚሰጥ መድኃኒት ወደ ፅንሱ አያልፍም፤ ለእናቲቱ የሚሰጠው ጥበቃ ግን ያነሰ ነው። የብዙ አገር ሆስፒታሎች በጋራ መዝግበው እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጡት መረጃ ሜካኒካል ቫልቭ ካላቸው 212 ነፍሰ ጡሮች ውስጥ ያለ ከባድ ችግር በሕይወት ያለ ልጅ የወለዱት 58 በመቶ ናቸው። በ4.7 በመቶዎቹ ላይ ቫልቩ ላይ ደም ረግቷል።

ይህ ማለት አትወልድም ማለት አይደለም። ከማርገዟ በፊት ከልብ ሐኪሟና ከማኅፀን ሐኪሟ ጋር ተመካክራ ዕቅድ ያስፈልጋታል ማለት ነው። ችግሩ ምክሩ ዘግይቶ መምጣቱ ነው። የ17 ዓመት ልጅ ላይ ቫልቭ ሲመረጥ ስለ ልጅ መውለድ ማንሳት ነውር የሚመስለው ቤተሰብ ብዙ ነው። እርግዝናዋ በአምስተኛው ወር ሲታወቅ ደግሞ ምርጫው አልፏል።

አዲሶቹ ደም ማቅጠኛዎች ለምን አይተኩትም?

ያለ አይ.ኤን.አር ምርመራ የሚወሰዱ አዳዲስ ደም ማቅጠኛዎች መኖራቸውን ብዙ ሰው ሰምቷል። ዳቢጋትራን፣ ሪቫሮክሳባን፣ አፒክሳባን ይባላሉ። ለሌሎች ሕመሞች በጣም ጥሩ ናቸው። በሜካኒካል ቫልቭ ላይ ግን ዳቢጋትራንና አፒክሳባን ተሞክረው ወድቀዋል። እ.ኤ.አ. በ2013 ይፋ የሆነው የዳቢጋትራን ጥናት ስትሮክም መድማትም ስለበዛ ተቋርጧል። አፒክሳባን በአንድ አዲስ ዓይነት አኦርቲክ ቫልቭ ላይ ሲሞከር የደም መርጋቱ ከዋርፋሪን ሦስት እጥፍ ገደማ ሆነ። ይህም ጥናት እ.ኤ.አ. በ2022 ቆመ። ስለዚህ «ምርመራ የማይፈልገውን ከውጭ ላስመጣልሽ» የሚል ደግ ዘመድ ሳያውቅ ሊጎዳ ይችላል። ለጊዜው ለሜካኒካል ቫልቭ ዋርፋሪንን የሚተካ ክኒን የለም።

ኢንፌክሽን፣ ጥርስና ሌሎች ነገሮች

ባዕድ ቫልቭ ላይ ባክቴሪያ ሊሰፍር ይችላል። በዓመት ከ100 ሰው አንዱን ገደማ ወይም ከዚያ በታች የሚነካ ነገር ነው፤ ሲመጣ ግን ብዙ ይገድላል። መግቢያው ብዙ ጊዜ አፍ ነው። ጥርስ ከመነቀሉ በፊት አንቲባዮቲክ መውሰድ የሚታዘዘው ለዚህ ነው። ለጥርስ ብሎ ዋርፋሪንን በራስ ማቆም ግን ሌላ ስህተት ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ አይ.ኤን.አር ታይቶ ሳይቆም ይነቀላል። ምክንያቱ ያልታወቀ ትኩሳት ለቀናት ከቆየ በራስ አንቲባዮቲክ ከመጀመር በፊት ደም ተወስዶ ባክቴሪያ ይፈለግ።

የሪውማቲክ ሕመምተኛ ቫልቭ ከገባለት በኋላም በየሦስት ወይም አራት ሳምንቱ የሚወጋው ፔኒሲሊን ሐኪሙ እስካላቆመው ይቀጥላል። የተቀየረው አንዱ ቫልቭ ነው፤ ሕመሙ ሌሎቹንም ይፈልጋል። ጸጥ ባለ ክፍል የሚሰማው የ«ቲክ ቲክ» ድምፅ የቫልቩ መዘጋት ነው፤ አያስፈራም። ድምፁ በድንገት ሲደበዝዝ ወይም ሲጠፋ ነው ወደ ሆስፒታል መሮጥ። ኤምአርአይና የኤርፖርት ፍተሻ በጥቅሉ ችግር የለባቸውም።

ክትትሉ የማን ነው?

እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ፣ ኢትዮጵያን ጨምሮ በ14 አገሮች 3,343 የሪውማቲክ የልብ ሕሙማንን ያጠና ሥራ አለ። መካከለኛ ዕድሜያቸው 28 ነበር፤ ሁለት ሦስተኛዎቹ ሴቶች ናቸው። ደም ማቅጠኛ ከሚያስፈልጋቸው ውስጥ መድኃኒቱ የታዘዘላቸው 70 በመቶ ያህሉ ነበሩ። አይ.ኤን.አራቸው በሚፈለገው ክልል የተገኘው ደግሞ 28 በመቶ ብቻ። የችግሩ ልክ ይኸው ነው።

በአዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ ያለው የልብ ሕሙማን ሕጻናት መርጃ ማዕከል፣ ከውጭ የሚመጡ የቀዶ ሕክምና ቡድኖች፣ በእስራኤል ሆሎን ከተማ የኢትዮጵያ ሕጻናትን ሲያክም የኖረው ድርጅት፣ ሁሉም የብዙዎችን ሕይወት አትርፈዋል። ቀዶ ሕክምና ግን አንድ ቀን ነው፤ ሰውም ለዚያ ቀን ለመስጠት እጁን ይዘረጋል። ለሚቀጥሉት ሠላሳ ዓመታት ለምርመራ፣ ለትራንስፖርትና ለክኒን የሚሆን ገንዘብ ማሰባሰብ ግን ማንም አይጠይቅም።

ሊደረግ የሚችል ነገር አለ። ጣት ተወግቶ በጠብታ ደም አይ.ኤን.አር የሚለካ በእጅ የሚያዝ መሣሪያ አለ፤ የስኳር ሕሙማን ከሚጠቀሙበት ጋር ይመሳሰላል። እ.ኤ.አ. በ2012 የበርካታ ጥናቶች ጥምር ትንታኔ ራሳቸውን የሚለኩ ሰዎች የደም መርጋት አደጋቸው በግማሽ ገደማ እንደቀነሰ አሳይቷል፤ በተለይ ከ55 ዓመት በታች ባሉትና ሜካኒካል ቫልቭ ባላቸው። ውዱ ነገር መሣሪያው ሳይሆን ለእያንዳንዱ ምርመራ የሚያስፈልገው ስትሪፕ ነው። ለእያንዳንዱ ሰው መግዛት የማይቻል ከሆነ አንድ መሣሪያ በአንድ ጤና ጣቢያ ብዙ ሰው ያገለግላል። ውጤቱን በስልክ ለልብ ክሊኒኩ ነርስ አሳውቆ መጠኑን ማስተካከል ይቻላል። ይህ አዲስ ቴክኖሎጂ አይፈልግም። የሰለጠነ ነርስ፣ የማያቋርጥ የስትሪፕ አቅርቦትና ስልኩን የሚያነሳ ሰው ነው የሚፈልገው።

ውጭ ያለው ወገናችንም እዚህ ላይ ቦታ አለው። የቀዶ ሕክምናው ወጪ ሲሰበሰብ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሦስት ዓመታት የክትትል ወጪ አብሮ ማሰላት ይቻላል። ገንዘቡን ለሚያስተባብረው ኮሚቴም ከሆስፒታሉ ስም እኩል ሊጠየቅ የሚገባው ልጁ ወደ ቤቱ ሲመለስ አይ.ኤን.አሩን የት እንደሚለካና ቁጥሩ ሲዛባ ለማን እንደሚደውል ነው።